ስፓይደርማን ሮዝ አይለብስም

ሥራዬ የልደት ዲኮር ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ፊኛ እነፋለሁ፣ ባነር አሠራለሁ፣ ኬክ ላይ የሚሰካ ስምና ቁጥር እቆርጣለሁ፣ የልጆች ልብስም አከራያለሁ። ትእዛዝ የሚመጣልኝ በቴሌግራም ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፎቶ ጋር፤ «የኔ እህት፣ ልክ እንደዚህ አድርጊልኝ» ይሉኛል። እናም ልጆቻችን ቤት ተቀምጠው ምን እያዩ እንደሆነ ለማወቅ ሰው መጠየቅ አያስፈልገኝም፤ የፊኛው ቀለም ይነግረኛል። በኤልሳ ወረት ጊዜ ሰማያዊ ፊኛ መርካቶ ፈልጎ ማግኘት ፈተና ነበር። ባርቢ የወጣች ክረምት ደግሞ ከሮዝ ሌላ የሚጠይቀኝ ጠፋ።

ኪራዩ ላይ የማየው ነገር አለ። የወንዶቹ ልብስ፣ ስፓይደርማንም ሆነ ባትማን፣ ሱሪና ጭምብል ነው። የሴቶቹ ቀሚስና ዘውድ። ቀሚሱ ቁርጭምጭሚት አልፎ ይወርዳል፣ ከሥሩ ቱል አለው፤ ልጅቷ ልሩጥ ካለች ረግጣው ትደፋለች። ሰኞ ሰኞ ሲመለሱልኝ የወንዶቹ ጉልበታቸው ተቀዶ፣ ብብታቸው ተተርትሮ፣ አንዳንዴም ጭቃ በጭቃ ሆነው ነው። የሴቶቹ ደህና ናቸው። ደረታቸው ላይ ክሬም ይኖራል፣ ጫፋቸው ይቆሽሻል፣ በቃ። አንድ ቀን አጥቤ ጎን ለጎን ሳሰጣቸው ተናደድኩ። ልብስ ለሚያከራይ ሰው ያልተቀደደ ልብስ ትርፍ ነው፣ ምን ያናድደኛል? ግን እኮ አንድ ልደት ላይ የዋሉ ልጆች ናቸው። ግማሾቹ አጥር ሲዘሉ ዋሉ፣ ግማሾቹ ፎቶ ሲነሱ።

አምና አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ ሱቅ ድረስ መጣች። ስልኬን አውጥቼ የሠራኋቸውን ኬኮች ሳሳያቸው ልጅቷ ምንም ሳትናገር በጣቷ ስፓይደርማኑን ነካች።

«እሱ የወንድ ነው፣ ማሚዬ።»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

እናትየው ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ዘመድ ይመጣል፣ አባቷም አለ... እስቲ ሮዝ ስፓይደርማን ብታደርጊላት?» አለችኝ።

ልጅቷ ሰምታለች። «ስፓይደርማን ሮዝ አይለብስም!» አለች ቆፍጠን ብላ።

ሲከራከሩ ቆይተው ኬኩ ቀይና ሰማያዊ፣ ልብሷ ግን የልዕልት ቀሚስ እንዲሆን ተስማሙ። ቀሚሱ ሲመለስልኝ ቱሉ ከወገቡ ተገንጥሎ ነበር። አላስከፈልኳቸውም።

ያቺ ልጅ ወንድ መሆን ያማራት አይመስለኝም። ያማራት ግድግዳ መውጣት ነው። ግድግዳ የምትወጣ ሴት ሱቄ ውስጥ ስላልነበረች የነበረውን መረጠች።

የሴት ጀግና የለም ማለቴ አይደለም፣ ድሮም አለች። ወንደር ውመን እ.ኤ.አ. በ1941 ነው የተፈጠረችው፤ የፈጠራትም ዊልያም ማርስተን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ከ75 ዓመት በኋላ፣ በ2016 ጥቅምት ላይ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይህችኑ የካርቱን ሴት ሴቶችንና ልጃገረዶችን ለማብቃት የክብር አምባሳደር አድርጎ ሾማት። የድርጅቱ ሠራተኞች ራሳቸው ተቃወሙ። የአሜሪካን ባንዲራ የመሰለ የዋና ልብስ የለበሰች ነጭ ሴት ለዓለም ሴት ልጆች ምሳሌ ትሁን ወይ ብለው ፊርማ አሰባሰቡ። ሁለት ወር ሳይሞላት ሹመቱ ቀረ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሴት ዋና ጸሐፊ ይመረጣል ተብሎ ሲጠበቅ ወንበሩ ለወንድ ሆኖ ነበር። ወንበሩ ለወንድ፣ ካርቱኗ ለሴት። ይቺን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሌላው የለመድነው ነገር አንዲት ሴት በብዙ ወንድ መሃል ነው። ካታ ፖሊት የምትባል አሜሪካዊት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1991 ይህን በደንብ አይታው ነበር፦ ወንዶቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጠባይ አላቸው፣ አንዱ ብልህ፣ አንዱ ሰነፍ፣ አንዱ ቁጡ፤ የሴቷ ጠባይ ሴት መሆኗ ነው። እዚህም በዲሽ ኤም ቢ ሲ 3 እያየ ያደገ ልጅ ሁሉ፣ ዐረብኛ ባይገባውም፣ ይህን ሥርዓት ሸምድዶታል። ሰፈር ውስጥ ጨዋታ ሲከፋፈሉ ስሙ፤ አራት ወንድ ልጆች አራት ጀግና ይሆናሉ፣ ሴቷ የምትታገተው ትሆናለች።

የእኛዎቹ የመጡት ቆይተው ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡን ብዙ ሰው የሚያውቃት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚለው የልጆች ፕሮግራም ነው፤ ያቺን ከካልሲ የተሠራች ቀጭኔ ያላየ የዚያ ዘመን ልጅ የለም። ብሩክታዊት አስተማሪ ነበረች። ከባለቤቷ ጋር ሆና ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን አቋቋመች፣ ሥራውንም የጀመሩት ሳሎናቸው ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሌክስን የወጣቶች ሽልማት አግኝታለች። ከዚያ በኋላ ከሠሩት አንዱ «ጥበብ ገርልስ» ነው፦ ፍቅር፣ ፍትሕና ጥበብ የሚባሉ፣ ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት የኢትዮጵያ ልጃገረዶች። የሚዋጉት ከሌላ ፕላኔት ከመጣ ጭራቅ ጋር አይደለም። ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ የወር አበባን ነውር ማድረግ፣ ሴት ልጅን ከትምህርት ቤት ማስቀረት፣ እነዚህ ናቸው ጠላቶቻቸው። በኔ ትውልድ ሴት ልጅ የወር አበባን ነገር በአማርኛ፣ ያውም በካርቱን፣ ያውም ያለ ሹክሹክታ ትሰማለች ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የእህቴ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ እስክትመጣ ሱቅ ውስጥ ከኔ ጋር ትቆያለች። ጎረቤታችን ያሉት ባለሱቅ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሞዴስ ሲሸጡ በጋዜጣ ይጠቀልሉና በጥቁር ፌስታል አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው መልሰው ነው የሚሰጡት። ደግ ሰው ስለሆኑ ነው፤ ደንበኛቸውን ማሳፈር አይወዱም። አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ሳሙናና ሞዴስ ልትገዛ ሄደች። ከደጄ ሆኜ እሰማለሁ። ሳሙናውን እንዲሁ ሰጧት፣ ሞዴሱን መጠቅለል ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ለሳሙናው ጥቁር ፌስታል አልሰጡኝም እኮ» አለቻቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ ጋዜጣውን ፈትተው፣ ሞዴሱን ከሳሙናው ጋር አንድ ላይ ሰጧት። እኔ በዚያ ዕድሜዬ እንኳን እንዲህ ልናገር፣ ሱቁ ውስጥ ወንድ ካለ በር ላይ ቆሜ እስኪወጣ እጠብቅ ነበር። ካርቱን ነው እንዲህ ያደረጋት ብዬ አልምልም። እናቷም አለች፣ ትምህርት ቤት የሴቶች ክበብም አላቸው። ግን የሆነ ቦታ አንዲት ልጅ ስለዚህ ነገር ቀና ብላ ስታወራ አይታለች፤ ያላየችውን አታደርገውም ነበር።

እስከዚህ ድረስ እኔም ለሴት ጀግኖች ከሚያጨበጭቡት ጋር ነኝ። አንድ የሚከነክነኝ ነገር ግን አለ፣ ለመጻፍ የተነሳሁትም ለሱ ነው።

ያደግኩት ጎጃም ነው፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ። ሰባተኛ ክፍል ሳለን ከኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች፤ ሒሳብ ላይ ከክፍሉ አንደኛ። ጥር ሲቃረብ እቤቷ ጠላ ተጠመቀ፣ ግቢያቸው ዳስ ተጣለ። እሷ እንኳ ለማን እንደምትዳር አታውቅም ነበር። የነገረችኝ ደብተሯን ስታስረክበኝ ነው፦ «አንቺ ጨርሺው፣ ገና ብዙ ገጽ አለው።»

ይህን የሰማችው የአማርኛ አስተማሪያችን ናት። እትዬ እያልን ነበር የምንጠራት፣ ራሷም ገና ወጣት ነበረች። መጀመሪያ ለብቻዋ አባትየው ዘንድ ሄደች። አባትየው በር ላይ እንዳቆሟት፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ!» ብለው መለሷት። ወደ ቀበሌ ሄደች። ቀበሌው ወደ ወረዳ ላካት። ከወረዳ ደብዳቤ ይዛ፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ፖሊስ አስከትላ ተመለሰች። ልጅቷ ጤና ጣቢያ ተወስዳ ዕድሜዋ እንዲታይ ተደረገ። ዳሱ ፈረሰ፣ ጠላው ለጎረቤት ተከፋፈለ፣ ጓደኛዬ ደብተሯን መልሳ ወሰደች።

አስተማሪዋስ? ወተት የሚያመጡላት ሴትዮ መምጣት አቆሙ። ቤት ያከራዩዋት ሰዎች ቤቱን ለዘመድ ፈልገነዋል አሏት። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሴቶቹ ሰላምታዋን እያዩ እንዳላዩ ያልፉ ነበር። በዓመቱ ተዛውራ ሄደች። ጓደኛዬም ስምንተኛ ክፍል ስትጨርስ ሩቅ ያለ ዘመድ ቤት ተላከችና እዚያው ተዳረች ሲባል ሰማሁ። ደግሜ አላየኋትም።

ሕጉ የጋብቻ ዕድሜን 18 ካደረገው ቆይቷል፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ነው የወጣው፣ ያለ ዕድሜ መዳርን የወንጀል ሕጉም ይቀጣል። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች 40 በመቶው 18 ሳይሞላቸው ተድረው ተገኝተዋል።

እንግዲህ ሴት ልጆች ጠንካራ ይሁኑ፣ እምቢ ይበሉ፣ ይጋፈጡ ሲባል ስሰማ ያቺ ጓደኛዬ ትዝ ትለኛለች። እምቢ ብትልስ? እምቢ ያለች ልጅ ማታ የምታድረው እዚያው አባቷ ቤት ነው። እራቷን የምትበላው ከዚያው መሶብ ነው። ጉልበት ቢኖራት፣ ብትበር፣ ግድግዳ ብትወጣ፣ የት ትሂድ? ካርቱን ላይ ቀላል ነው፤ ልጆቹ ደርሰው ያድናሉ፣ ሙዚቃ ይመጣል፣ ያልቃል። የኔ ፍርሃት አዋቂው ሰው ሶፋው ላይ ተቀምጦ «ጎሽ፣ ልጃገረዶቻችን በቁ» ብሎ እጁን እንዳያጣጥፍ ነው። ያቺ ልጅ የፈለገችው ኃይል ሳይሆን ደብዳቤ ይዛ ከወረዳ የምትመለስ ትልቅ ሰው ነበር። ለዚያች ትልቅ ሰው ደግሞ ወተት የማይከለክል ጎረቤት ያስፈልጋት ነበር።

ስለዚህ የሴት ጀግና ፊልም ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው ትልልቆቹ ሴቶች የት እንዳሉ ነው። ብዙ ጊዜ ሞተዋል። እናት በመጀመሪያው ትዕይንት ትሞታለች፣ አያት ምክር ሰጥታ ታሸልባለች። የተለዩ ግን አሉ። ፓኪስታን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው «ቡርቃ አቬንጀር» ላይ ጀግናዋ ልጅ አይደለችም፣ የሴቶች ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤቱን ሊዘጉ የሚመጡትን የምትዋጋው መጽሐፍና ብዕር እየወረወረች ነው፤ ማንም እንዳይለያት ፊትና ሰውነትን የሚሸፍነውን ቡርቃ ትለብሳለች። ሐሳቡን ያመጣው ሐሩን የሚባል ዘፋኝ ነው፣ ሥራውም ፒቦዲ የሚባለውን የአሜሪካ የብሮድካስት ሽልማት አግኝቷል። በቡርቃው ብዙ ተጨቃጭቀውበታል፣ ጭቅጭቁ ይገባኛል። እኔን የማረከኝ ግን ልጆቹ ልጅ ሆነው መቅረታቸው ነው። ይማራሉ፣ ይጫወታሉ፤ ሸክሙ የአስተማሪዋ ነው።

የዛምቢያዊቷ ማሌንጋ ሙሌንደማ «ሱፓ ቲም 4» ደግሞ በ2023 ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ፤ ኔትፍሊክስ ያሠራው የመጀመሪያው የአፍሪካ የአኒሜሽን ተከታታይ ነው። ሉሳካ ውስጥ ያሉ አራት ልጃገረዶች ናቸው፤ የሰበሰበቻቸውና የምትመራቸው ግን ማማ ኬ የምትባል ጡረታ የወጣች ሰላይ ናት። ጡረተኛ ሴትዮ! እንዲህ ዓይነት ሴት በየዕድራችን ሞልታ የለም እንዴ? ይህን ፊልም ከእህቴ ልጅ ጋር ነው ያየሁት፤ እሷ አራቱን ስትከተል እኔ ዓይኔ ከማማ ኬ አልተነቀለም።

ታዲያ ለምን በብዛት አይሠራልንም ለሚል፣ ገንዘብ ነው መልሱ። አኒሜሽን ውድ ነው፤ እያንዳንዷን ደቂቃ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል። የውጭው ካርቱን ወጪውን አገሩ ላይ ከመለሰ በኋላ ለኛ በርካሽ ይሸጣል፤ የኛው ገና ከዜሮ ይጀምራል። ማስታወቂያ አይሸፍነውም፣ ስለዚህ ለጋሽ ይፈለጋል። «የኛ»ን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረ የሬዲዮ ድራማና ሙዚቃ ነው፣ አምስት ልጃገረዶች፣ ምንም ልዩ ኃይል የሌላቸው፣ ጓደኝነታቸው ብቻ። የእንግሊዝ መንግሥት እርዳታ ነበረበት። የእንግሊዝ ጋዜጦች «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያሉ ገንዘባችንን በላ ብለው ዘመቱበት፣ በጥር 2017 እርዳታው ቆመ። ሥራው በኋላ በሌላ መንገድ ቀጥሎ ቲቪ ላይ መጥቷል። ግን የሰው ወርቅ አያደምቅ። ጎጃም ያለች ልጅ የምትሰማው ድራማ ዕጣው ለንደን በሚታተም ጋዜጣ ይወሰን? አንዳንዴ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ለሚፈነዳ ፊኛ የሚከፈለኝን እቆጥርና ከዚያ ላይ ትንሽ ቢቆነጠር ስንት የልጆች መጽሐፍ ይገዛ ነበር እላለሁ። ደንበኞቼ ይህን እንዳያነቡ።

እኔ ብጠየቅ ጀግናዬን አውቃታለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። መርሃ ግብሩ ከተጀመረ ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ ከሰላሳ ሺህ በላይ ሴቶች ሠልጥነዋል፤ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ ከዚያው ከአካባቢው የተመረጡ፣ አንድ ዓመት ተምረው የተመለሱ። ሴቶች የሆኑት ቤት ለቤት ስለሚገቡ ነው፤ ወንድ የማይገባበት ጓዳ ይገባሉ። ክትባት ሲሆን ያቺን ሳጥን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በፀሐይ ዣንጥላ ይዘው፣ ጭቃውን እየዘለሉ ይሄዳሉ። የገቡበትን ቤት በር ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው ያልፋሉ። የተረገዘውን፣ የታመመውን፣ ሊዳር የታሰበውን ከማንም በፊት የሚሰሙት እነሱ ናቸው። ደመወዛቸው ትንሽ፣ መንገዳቸው ረጅም ነው። ሣጥን፣ ጠመኔ፣ ዣንጥላ፤ ለካርቱን ሰው ከዚህ በላይ መሣሪያ ምን ያስፈልጋል? የሚስጥር ምልክቷ እንኳ በር ላይ ተጽፎ አለ።

ሐሳቤን ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። አልወደደችውም።

«መብረር ካልቻለች ማን ያያታል?» አለችኝ።

እሺ ትብረር ተባባልን። ዣንጥላዋን ዘርግታ ትብረር፣ ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ያለችውን ልጅ ቤት ከላይ ትየው፣ ጠመኔዋን ታውጣ። ነገር ግን ወረዳ ጽሕፈት ቤቱ ጋ ስትደርስ መውረድ አለባት ብዬ አጥብቄ ተከራከርኩ፤ ደብዳቤው ማኅተም ይፈልጋል፣ ማኅተም ያለበት ሰውዬ ደግሞ ለምሳ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።